ማርኩ ለወረቀቱ ነው ወይስ ለልጁ?
(ሐዋሳ ላይ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤ ዳኤ ቡሹ! እንኳን ደህና መጣችሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት መሆኑን አውቃለሁ። ሱቁን ዘግቶ የመጣ አለ። ከኢንዱስትሪ ፓርክ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ፣ እንቅልፏን ትታ የመጣች እናት አለች። ስለዚህ መግቢያ አላበዛም። የተሰበሰብነው ስለ ኩረጃ ለመነጋገር ነው። በተለይ ኤአይ፣ ማለትም ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ስለገባበት ኩረጃ።

"አጤሬራ" ስል ከወላጆች መሀል ፈገግ የሚል እንደማይጠፋ እገምታለሁ። እናንተም ዘመን ነበራችሁ። ማስመሪያ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ቀመር። ላጲስ ላይ፣ መዳፍ ላይ፣ ቀሚስ ሥር። ጆሮ ሲነካ "ኤ"፣ አፍንጫ ሲነካ "ቢ"። ጎበዙ ተማሪ አጠገብ ለመቀመጥ የነበረው ግፊያ ደግሞ የታክሲ ሰልፍ ያስንቅ ነበር።

ያ ኩረጃ ጥሩ ነበር እያልኩ አይደለም። ግን ያደክም ነበር። አጤሬራ የሚያዘጋጅ ልጅ ምዕራፉን ማንበብ አለበት። ዋናውን ከተራው መለየት አለበት። አሳጥሮ መጻፍ አለበት። ጽፎ ሲጨርስ ግማሹን ሸምድዶታል። አንዳንዱ ፈተና ገብቶ አጤሬራውን ሳያወጣው ይወጣ ነበር። ደግሞም የሚኮረጀው ከሰው ነበር። ሰውየው ካልፈቀደ ወይም ካላጠና ነገሩ ተበላሸ። ዛሬ ሁለቱም ቀርቷል። ጥያቄውን ፎቶ ማንሳት፣ መላክ፣ መገልበጥ። ማንበብ የለም፤ መለማመጥ የለም።

በዚህ ምክንያት "ኤአይ ትውልዱን አጠፋ" የሚል ወሬ በየስብሰባው እሰማለሁ። እኔ አልስማማም። ምክንያቴን ልንገራችሁ፤ ለዚህ ትንሽ ወደኋላ መሄድ አለብኝ።

በ2008 ዓ.ም. ግንቦት የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ቀድሞ ወጣና ተሰረዘ። ልጆቹ እንደገና ተቀመጡ። በ2009 ዓ.ም. በፈተናው ሰሞን ኢንተርኔት ተዘጋ። ባንኩም፣ ሆቴሉም፣ አስጎብኚውም ከተማሪው ጋር አብሮ ተፈተነ። ከዚያ ትልቁ ለውጥ መጣ። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ተማሪዎቹ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ ስልክ ተከልክሎ፣ በማያውቋቸው ፈታኞች ፊት ተሰጠ። ውጤቱ ሲወጣ አገር ደነገጠ። ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኞች ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 ከመቶ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ደረሰ።

አሁን ቀኖቹን ልብ በሉልኝ። ያ የመጀመሪያው የግቢ ፈተና የተጀመረው መስከረም 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ቻትጂፒቲ የተባለው፣ የጠየቁትን የሚመልስ ኤአይ ለሕዝብ የተለቀቀው ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ማለት ነው። 3.3 ከመቶ ያመጣው ትውልድ ቻትጂፒቲ የሚባል ነገር በስሙም አያውቀውም ነበር። እነዚያ ልጆች በኤአይ አልሰነፉም። ክፍል እያለፉ፣ ካርድ እየተቀበሉ፣ "ጎበዝ" እየተባሉ ነው እዚያ የደረሱት። ኤአይ ሲመጣ ያገኘው ቀድሞውንም ባዶ የነበረ ቤት ነው።

ከዚህ ታሪክ አንድ ጥሩ ነገርም ተምረናል። ፈተናን መጠበቅ ይቻላል። ውድ ነው፣ አድካሚ ነው፣ ልጆችን በአውቶቡስ አጓጉዞ ማሳደር ይጠይቃል፤ ግን ይቻላል። ቻይናዎችም በራሳቸው መንገድ ያደርጉታል። እ.ኤ.አ. በ2025 ከ13 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ጋኦካኦ የሚባለውን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሲፈተኑ፣ ታላላቆቹ የኤአይ ኩባንያዎች የጥያቄ ፎቶ ተቀብሎ የሚመልሰውን አገልግሎታቸውን በፈተናው ሰዓት ዘግተውት ነበር። የእኛ አገር የኢንተርኔት መዝጋት ትዝ አይላችሁም? እነሱ ግን አገሩን በሙሉ ትተው የሚያስፈልገውን ብቻ ነው የዘጉት።

ስለዚህ የ12ኛ ክፍል ፈተና ዛሬ የሚያሳስበኝ የመጨረሻው ነገር ነው። እንቅልፍ የሚነሳኝ የቤት ሥራው ነው። አሳይንመንቱ፣ ፕሮጀክቱ፣ የግሩፕ ወርኩ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ። ያ ሁሉ የሚሠራው ማንም በማያይበት ቦታ ነው። ያን በጥበቃ ማዳን አይቻልም። ለእያንዳንዱ ቤት ፈታኝ አንመድብም።

እንግሊዞች ነገሩን ሞክረው አይተውታል። የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ጥናት 33 የሌሉ ተማሪዎችን ፈጠሩ። በእነሱ ስም በኤአይ የተጻፉ መልሶችን ቤት ተወስዶ በሚሠራ የሳይኮሎጂ ፈተና ላይ አስገቡ። አራሚዎቹ አልተነገራቸውም። ከገቡት ውስጥ 94 ከመቶው ሳይታወቅ አለፈ። ውጤታቸውም በአማካይ ከእውነተኞቹ ተማሪዎች በላጭ ነበር። አራሚዎቹ እኮ የሙያው ሰዎች ናቸው። እኛ ስልሳ ወረቀት ሻማ ላይ ስናርም ምን ልናውቅ ነው?

እርግጥ አንዳንዱ ራሱን ያጋልጣል። "ዛሬ ባለንበት በፍጥነት በሚለዋወጠው ዓለም ውስጥ" ብለው የሚጀምሩ ወረቀቶች በአንድ ሳምንት ስንት እንደሚደርሱኝ አትጠይቁኝ። "ከስልክ እንዳይገለብጡ በእጅ ይጻፉ" ብለን ወስነን ነበር። አንዱ ሦስት ገጽ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ አመጣልኝ። መጨረሻው ላይ ምን የሚል አለ? "ሌላ ልረዳህ የምችለው ነገር አለ?" እሱንም ገልብጦታል፤ ከነጥያቄ ምልክቱ።

ይህ ለሳቅ ነው። አንድ ሌላ ወረቀት ግን አላሳቀኝም።

እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ጻፉ ብዬ አንድ አሳይንመንት ሰጠሁ። አንድ ልጅ ያመጣው ወረቀት እንግሊዝኛው የተወለወለ ነው። ሐይቁ በስምጥ ሸለቆ እንደሚገኝ፣ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሆነ ይናገራል። ልክ ነው። ቀጥሎ ግን "ከሐይቁ የሚወጣው ወንዝ በታችኛው ተፋሰስ ላሉ ገበሬዎች የመስኖ ምንጭ ነው" ይላል።

እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ወደ ሐይቃችን የሚገባው ጥቁር ውኃ ነው። በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። ልጁን ጠርቼ "ከሐይቁ የሚወጣው ወንዝ የቱ ነው?" አልኩት።

"ቲቸር፣ የሚወጣ ወንዝ የለም እኮ" አለኝ፤ ወዲያው፣ ሳያስብ። ቤታቸው ሐይቅ ዳር ነው። አጎቱ ዓሣ አስጋሪ ነው። ጠዋት ጠዋት አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ሲሄድ አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች እየገፋ ቆሮሶ ዓሣ ሲያወርድ ያደገ ልጅ ነው። ሐይቁን እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል።

"ታዲያ ለምን ጻፍከው?"

ትንሽ ዝም አለ። "እሱ ነዋ ያለው" አለኝ።

"እሱ" ያለው ስልኩን ነው። አያችሁ? ልጁ ከማሽኑ ይበልጥ ያውቅ ነበር። ግን ራሱን አላመነም። በዓይኑ ያየውን ትቶ፣ ሐይቁን አይቶት የማያውቀውን አመነ። ለምን? እንግሊዝኛው ስለሚያምር። ስለማያመነታ። እኛ ደግሞ ለዓመታት ማርክ ስንሰጥ የኖርነው ለሚያምርና ለማያመነታ ወረቀት ነው። ልጁ ከእኛ የተማረውን ነው ያደረገው።

ኩረጃ ሲባል ሁሉም ሰው ስለ ሌብነት ያወራል። ማርክ ተሰረቀ፣ ሐቀኛው ተጎዳ ይባላል። እውነት ነው። ለእኔ ግን የዚያ ልጅ ጉዳት ይበልጣል። የሚያውቀውን ነገር "አውቃለሁ" ማለት አቅቶታል።

አሁን መፍትሔ ወደሚባለው ልለፍ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ቀላል ነው ይላሉ። መርማሪ ሶፍትዌር አለ፣ ጽሑፉን ጨምርበት፣ "ኤአይ ነው" ካለ ዜሮ ስጥ። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ትንሽ ላብራራ፤ ምክንያቱም ይህ ነገር ልጆቻችንን ሊጎዳ ይችላል።

ቻትጂፒቲን የሠራው ኩባንያ፣ ኦፕንኤአይ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ የራሱን መርማሪ አውጥቶ ነበር። የራሱ መግለጫ እንዳለው፣ በኤአይ ከተጻፉ ጽሑፎች በትክክል የለየው 26 ከመቶውን ነው። በሰው ከተጻፉት ደግሞ 9 ከመቶውን በስህተት ወንጅሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ አነሳው። ሠሪው ራሱ ማለት ነው። እስቲ በእኛ ክፍል እናስላው። ስልሳ ተማሪ አለ። ሁሉም በላቡ ጽፏል እንበል። በዚያ ስሌት አምስቱ ያለ ጥፋታቸው ኮራጅ ይባላሉ። ከአምስቱ አንዷ ያንቺ ልጅ ብትሆንስ?

የባሰም አለ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት ሰባት መርማሪዎችን ፈተሹ። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ቶፍል ለሚባለው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና የጻፏቸውን 91 ጽሑፎች አስገቡ። ሁሉንም የጻፏቸው ሰዎች እንጂ ማሽን አይደለም። መርማሪዎቹ በአማካይ 61 ከመቶውን "የማሽን ነው" አሉ። የአሜሪካ የ8ኛ ክፍል ልጆች የጻፉትን ግን ከሞላ ጎደል በሙሉ የሰው ነው ብለው አሳለፉ።

ለምን እንዲህ ሆነ? መርማሪው የሚያየው ቀጣዩ ቃል ምን ያህል የሚገመት እንደሆነ ነው። ማሽን የሚጽፈው የሚገመተውን ቃል ነው። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው የሚጽፍ ሰውም እንዲሁ ነው። የሚያውቃቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፤ የተለመደውን ይመርጣል፤ ዓረፍተ ነገሩን አያወሳስብም። መርማሪው ይህን ሲያይ ማሽን ይመስለዋል።

የእኛን ልጆች አስቡ። ቤት ሲዳምኛ፣ ወይ ወላይትኛ። ሰፈር አማርኛ። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደግሞ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ። ከአለታ ወንዶ መጥታ እህቷ ቤት ሆና የምትማር ልጅ፣ መዝገበ ቃላት እየገለጠች ሁለት ገጽ ብትጽፍ፣ መርማሪው የሚወነጅለው እሷን ነው። ገንዘብና ጊዜ ያለው ልጅ ግን የኤአዩን ጽሑፍ "ሰው እንዲመስል አድርገህ ጻፈው" ብሎ ያልፋል። አሜሪካ ውስጥ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲጠቀምበት የነበረውን መርማሪ ያጠፋው እንዲህ ባለው ስጋት ነው። እኛ ሰው የጣለውን አንስተን አንጠቀም። ባልደረቦቼ፣ በሶፍትዌር ውጤት ብቻ ማንንም ልጅ አትቅጡ። ልመናዬ ነው።

ታዲያ ኤአይን እንከልክል? አንችልም። ይልቅ አጠቃቀሙ ምን እንደሚያደርግ እንይ። እዚህ ላይ አንድ ጥናት አለ፤ ተማሪዎች በደንብ ስሙኝ። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ቱርክ ውስጥ ወደ 1000 የሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በሒሳብ ፈተሹ። አንዱ ቡድን በመጽሐፍና በደብተር ብቻ ተለማመደ። ሁለተኛው ቡድን እንደ ቻትጂፒቲ ያለ፣ የጠየቁትን የሚመልስ ኤአይ ተሰጠው። ሦስተኛው ቡድን የተሰጠው ኤአይ ደግሞ በመምህራን የተገራ ነው። መልሱን አይሰጥም፤ ፍንጭ ብቻ ይሰጣል።

በልምምዱ ሰዓት ሁለተኛው ቡድን 48 ከመቶ የተሻለ ሠራ። ሦስተኛው 127 ከመቶ። ከዚያ ኤአዩ ተነሳና ፈተና ተሰጠ። መልስ ሲቀበል የነበረው ቡድን፣ ኤአይ ነክቶ ከማያውቀው ቡድን 17 ከመቶ ዝቅ አለ። ፍንጭ የሚቀበለው ቡድን ግን አልወደቀም፤ ከመጀመሪያው ቡድን ጋር እኩል ወጣ። የሚገርመው፣ ዝቅ ያሉት ልጆች ዝቅ ማለታቸውን አላወቁም። የተማሩ መስሏቸዋል።

ይህ መምሰል ነው ክፉው። በባጃጅ ከፒያሳ ታቦር በየቀኑ የሚመላለስ ሰው መንገዱን ያውቀዋል፤ መሪ ያዝ ቢሉት ግን ግንብ ጋር ነው የሚላተመው። ከኋላ ተቀምጦ ነበራ!

ስለዚህ ተማሪዎች፣ "ኤአይ አትንኩ" አልላችሁም። ብላችሁም አትሰሙኝም። ስትጠቀሙ ግን አጠያየቃችሁን ቀይሩ። "ይህን ጥያቄ ሥራልኝ" ከማለት፣ "መልሱን አትንገረኝ፣ የት ጋ እንደተሳሳትኩ ብቻ አሳየኝ" በሉት። "ከዚህ ምዕራፍ አሥር ጥያቄ አውጣና ፈትነኝ" በሉት። ያደርጋል። ሲሳሳትም ያዙት፤ ስለ አገራችን ሲጠየቅ በድፍረት ይሳሳታል። የሌለ ወንዝ ያፈሳል፤ አይታችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ በሹክሹክታ ልንገራችሁ። ቴሌግራም ላይ "ፈተና ወጥቷል፣ ብር ላኩ" የሚሉ ቻናሎች አሉ። ለእናንተ ብለው አይደለም። ሒሳባቸው የገባ ቀን ብሎክ ያደርጓችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። ዛሬ ወደዚህ መድረክ የወጣሁት ለዚህ ነው።

ማርኩን ከወረቀቱ ላይ እናንሳው። ለልጁ እንስጠው።

ምን ማለቴ ነው? ቤት ተሠርቶ የሚመጣ ማንኛውም አሳይንመንት ብቻውን ማርክ አይኑረው። ማርኩ የሚሰጠው ልጁ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ ለአምስት ደቂቃ ሲያስረዳ ነው። ወረቀቱ መግቢያ ትኬት ነው እንጂ ውጤት አይደለም። በማን ረዳትነት ጻፈው? አያገባኝም። ኤአይ ተጠቅሞ ከሆነ መጨረሻው ላይ "እዚህና እዚህ ጋ ተጠቅሜያለሁ" ብሎ ይጻፍ፤ አንቀጣውም። ነገር ግን ያመጣውን ነገር በራሱ አፍ ማስረዳት አለበት።

ይህ ከፈረንጅ የመጣ ሐሳብ እንዳይመስላችሁ። ቅኔ ቤት ያደረ ሰው ያውቃል። ተማሪው ሲያስብ ያደረውን ቅኔ መምህሩ ፊት ቀርቦ በቃሉ ይናገራል። መምህሩ ያቃናል፣ ይጠይቃል፣ ካልሆነም ይመልሰዋል። ቁርአን ቤትም ሎሁ፣ ማለትም የእንጨት ሰሌዳው ላይ የተጻፈው በቃል ሳይወጣ ታጥቦ ሌላ አይጻፍበትም። ሁለቱም ቤት "ወረቀትህን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ሂድ" የሚባል ነገር የለም።

ባልደረቦቼ ፊታቸውን ሲያጨፈግጉ ይታየኛል። ልክ ናቸው። አንድ ክፍል ስልሳ ተማሪ ነው። ስልሳ ጊዜ አምስት ደቂቃ፣ አምስት ሰዓት። አምስት ሴክሽን የሚያስተምር መምህር ለአንድ አሳይንመንት 25 ሰዓት ሊያወራ ነው። በዚህ ደመወዝ? አይሆንም።

ለዚህ ነው በዕጣ እናድርገው የምለው። በሴሚስተሩ ስድስት አሳይንመንት ይኑር። በእያንዳንዱ ዙር አሥር ስም ይውጣ። በስድስት ዙር ስልሳውም ይዳረሳል። ግን "እኔ ወጥቻለሁ፣ ከእንግዲህ አያገባኝም" የሚል እንዳይኖር፣ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ቀደም ሲል ከወጡት መሀል ሁለት ስም ይደገም። አሥራ ሁለት ልጅ፣ አንድ ሰዓት። ዕጣው የሚወጣው ወረቀቱ ከተሰበሰበ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ተዘጋጅቶ ይመጣል። ደግሞም ስልሳ ወረቀት ቀይ እስክሪብቶ ይዘን ስናርም የምናድረው ሌሊት ይቀርልናል። ስንት ሰዓት እንደሆነ እናንተው አስሉት።

የሚጠየቀው ከባድ አይደለም። ሦስት ጥያቄ ይበቃል። አንድ አንቀጽ ላይ ጣታችሁን አድርጉና "ይህን በራስህ አነጋገር ንገረኝ" በሉት። ቀጥሎ አንድ ነገር ቀይሩበት፤ "ጥቁር ውኃ ቢደርቅ ሐይቁ ምን ይሆናል?" እንደማለት። ሦስተኛው የእኔ ተወዳጅ ነው። "ከጻፍከው ውስጥ ብዙም እርግጠኛ ያልሆንክበት የቱ ነው?" ራሱ የሠራ ልጅ ወዲያው ያሳያችኋል። ሲሠራ የታገለበትን ቦታ ያውቀዋል። የገለበጠ ልጅ ግን "ሁሉም ልክ ነው" ይላል።

ሁለት ተቃውሞ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። አንዱ፣ ዓይን አፋር ልጅ ይጎዳል የሚለው ነው። እውነት ነው፤ በተለይ ሴት ልጆቻችን ዝም እንዲሉ ተደርገው ነው የሚያድጉት። ስለዚህ ንግግሩ ክፍል ፊት ቆሞ አይሁን። ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ በሚቀላት ቋንቋ ይሁን። ጂኦግራፊ ነው የምፈትነው እንጂ እንግሊዝኛ አይደለም። ሲዳምኛ የማይችል መምህር የሚችል ባልደረባ ከጎኑ ያስቀምጥ። ሌላው ተቃውሞ አድልዎ ነው። "ቲቸር አይወደኝም" ይባላል። ይህም መልስ አለው። ሦስቱ ጥያቄዎች ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ ማርኩ እዚያው ልጁ ፊት ይጻፍ፤ ልጁም ይፈርም። ካልተስማማ ሌላ መምህር ይድገመው።

መምህራን ላይ አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ወላጆች ልሂድ። የትምህርት ዕቅዱን ቻትጂፒቲ የሚያዘጋጅለት መምህር እንዳለ ተማሪዎች ያውቃሉ። ጥያቄ የሚያወጣለትም አለ። ክፋት የለውም፤ ካነበበው። ካላነበበው ግን ማሽን ባወጣው ጥያቄ ላይ ማሽን የመለሰውን ያርማል፤ እሱና ልጁ መሀል ላይ ቆመው ይተያያሉ።

ወላጆች፣ እናቶች፣ አባቶች። "ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠና ያድራል" ትሉኛላችሁ። ብርድ ልብስ ሥር ያለው ብርሃን የስልክ ነው። ልታጣሩ ከፈለጋችሁ ስልኩን አትንጠቁ። ቡና በሚፈላበት ሰዓት አጠገባችሁ አስቀምጡትና "ዛሬ የተማርከውን ንገረኝ፤ እኔ አልገባኝም፣ አስረዳኝ" በሉት። እናንተ ትምህርቱን ማወቅ አያስፈልጋችሁም። ፊደል ያልቆጠረች እናትም ልጇን በዚህ መንገድ መፈተን ትችላለች። የገባው ልጅ ስኒውን ሐይቅ አድርጎ፣ የስኳር ዕቃውን ተራራ አድርጎ ያሳያታል። ያልገባው "አንቺ አይገባሽም" ብሎ ይነሳል። "አይገባሽም" ሲላችሁ ለእኔ ደውሉልኝ።

ይህን አሠራር አሁኑኑ በሁሉም ክፍል እንጀምር አልልም። በ9ኛ ክፍል፣ በአንድ የትምህርት ዓይነት፣ በእኔው በጂኦግራፊ እንጀምር። በዚህ ሴሚስተር። አምስት ደቂቃው ሲደረግ ቁጭ ብለው የሚያዳምጡ ሁለት ሁለት ወላጆች በየዙሩ እፈልጋለሁ፤ ምንም አትናገሩም፣ ማዳመጥ ብቻ። መዝገቡ ከበሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። ስማችሁንና የሚመቻችሁን ቀን ጻፉ። ፈረቃ ያላችሁ የፈረቃችሁን ሰዓት አስታውሱ፤ እናመቻቻለን። ሲዳምኛና ወላይትኛ የምትችሉ መምህራንም እባካችሁ ከመውጣታችሁ በፊት አግኙኝ።

አሁን ጥያቄና አስተያየት ነው። ማይኩ መጀመሪያ ወደ ተማሪዎቹ ይሂድ፤ እስካሁን ስለ እነሱ ስናወራ ቆይተናል፣ እነሱ ግን አልተናገሩም። አመሰግናለሁ።